የሚደፈነው በር

ግንበኛው መሮውን ግድግዳው ላይ ደግኖ መዶሻውን ሲያነሳ፣ "ኧረ ጋሼ፣ አይምቱት!" ትላለች።

ግንበኛው የቆመው በታናሽ ወንድሟ ቤት በኩል ነው፤ እሷ ከወዲህ፣ አባታቸው ይተኙበት በነበረው ክፍል። መሃል ላይ የነበረው በር ዛሬ ጠዋት ተነቅሏል። በሩን ያስከፈቱት አባትየው ናቸው፤ ልጃቸው ያገባ ጊዜ፣ በዝናብ ዞሮ እንዳይመጣ ብለው። እሳቸው ካረፉ በኋላ እህትና ወንድም በቤቱ ክፍፍል ተኳረፉ። ቃል ከተለዋወጡ ይኸው ዓመት ሊሆናቸው ነው።

"የድሮውን ግድግዳ ግራና ቀኝ ካልቦረቦርኩት አዲሱ ጡብ ምኑን ይነክሳል?" ይላል ግንበኛው። "እንዲሁ ብደረድረው ዳርና ዳሩ ይሰነጠቃል።"

"ይሰንጠቅ።"

"ኋላ እኮ እኔን ነው የሚያሰድበኝ፣ ልጄ።"

ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። "ምናልባት አንድ ቀን ማፍረስ ቢያስፈልግ ብዬ ነው።"

ግንበኛው ፊቷን ያያል። ከኋላዋ ያለውን ባዶ አልጋም ያያል። መሮውን ኪሱ ይከተዋል።

ግንቡ ከፍ ማለት ይጀምራል። መጀመሪያ የግንበኛው ጉልበት ይሸፈናል፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ ቀጥሎ ደረቱ። ከትከሻው በላይ የወንድሟ ሳሎን ይታያታል። መጋረጃው ተቀይሯል። መቼ ቀየሩት? እሷን ሳያማክሩ መጋረጃ ገዝተው አያውቁም ነበር።

አንድ ጡብ ብቻ ሲቀር ወንድሟ ይመጣል። ፊቱ አይታያትም። ጡቡን አንስቶ ለግንበኛው ሲያቀብል ግን እጁ በቀዳዳው ትይዩ ያልፋል፤ አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ጨርቁ ላይ ደም አለ።

"ጣትህን ምን ሆንክ?"

ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት። እጁ ጡቡን እንደያዘ ቀጥ ይላል።

"ምስማር ነው፣ እታለም። መዝጊያውን ስነቅል።"

"አጥበኸዋል?"

"አጥቤዋለሁ።"

ወደ ቀዳዳው ጠጋ ትላለች። እሱም ትንሽ ይቆያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ ጡቡን ለግንበኛው ይሰጠዋል፤ የእግሩ ኮቴ ይርቃል።

ግንበኛው እሷን እያየ ይጠብቃል። በመጨረሻ ጡቡን ቀስ አድርጎ ይገፋዋል፤ ክፍሉ ደብዘዝ ይላል። እርጥቡ ሲሚንቶ በጡቦቹ መሃል ተጨፍልቆ ወደ እሷ በኩል ብቅ ይላል። በጣቷ ትነካዋለች። ገና ለስላሳ ነው።