የድልድዩ ዕለት

ልጅየው ሞተሩን ከነጻነት ሐውልቱ ሥር አቆመና አባቱን ከኋላው ደግፎ አውርዶ ሄልሜታቸውን አወለቀላቸው። "ሞተር ወደ ውስጥ አይገባም" ብሎ ድርቅ ያለው ዘበኛ እንኳ "የድልድዩ አርበኛ ናቸው" ሲባል በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶላቸው ነበር። ልጅየው ደረቱን ነፍቶ ነው የገባው። ሰፈሩ ሁሉ "የአርበኛው ልጅ" እያለ ነው ያሳደገው፤ ጋራዡ እንኳ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። አባቱ ግን "የድልድዩ ዕለት እኔም ነበርኩ" ከማለት አልፈው ስለዚያ ውጊያ ተናግረው አያውቁም።

ሐውልቱ ላይ ባለው የነሐስ ቅርጽ አርበኞቹ ከኮረብታው አናት ይተኩሳሉ፤ ከታች ድልድዩ ላይ ደግሞ ወራሪዎቹና ለወራሪ ያደሩት የአገር ልጆች ይረግፋሉ። "አባቴ፣ እርስዎ የቱ ጋ ነበሩ?" አለ ተከትሏቸው የመጣው ዘበኛ ቆቡን አውልቆ። ሽማግሌው ሳያመነቱ ጣታቸውን ድልድዩ ላይ አሳረፉ። ልጅየው ሳቅ አለ። "ዓይናቸው ደክሟል" አለና እጃቸውን ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ኮረብታው አወጣው።

"ተው ልጄ" አሉ አባቱ ጣታቸውን መልሰው እያወረዱ። "ከዚያ ላይ ሆነው ነው የተኮሱብን።"

ዘበኛው አንዴ ጣታቸውን፣ አንዴ ልጅየውን አየና ቆቡን መልሶ አደረገ። ልጅየው ሄልሜቱን አባቱ ራስ ላይ አጠለቀና የፊቱን መስተዋት እስከ አገጫቸው አወረደው።

"ቆይ እንጂ" አሉ ከውስጥ፣ ድምፃቸው ታፍኖ። "የወደቁትን ገና መች አየኋቸውና?"