ከጓዳ በር አጠገብ

ድንበሩ የሰደበኝ በ2003 ዓ.ም. ጥር 14 ቀን፣ በልጁ ሰርግ ላይ ነው። ከፊት ወንበር አስነስቶ «ላንተ ከጓዳ በር አጠገብ ይበቃሃል» አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳህን ይዘው መጥተው «አይክፋህ ወንድሜ» ያሉኝ ባለቤቱ እትዬ ዘርፌ ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ከእድሩ ወጣሁ፤ ውሎ አድሮ ሰፈሩንም ለቀቅሁ።

ዘንድሮ ልጄን ልድር ነው። ድግሱን ሳሰናዳ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ደጋሹ ነው። ለድንበሩ ከጓዳ በር አጠገብ ወንበር ለይቼ፣ የጥሪ ካርዱን ራሴ ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። ጢሙ አድጓል፤ ጥቁር ለብሷል። ካርዱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ለአቶ ድንበሩ፣ ከነባለቤትዎ።»

ካርዱን መልሶ አጠፈው።

«የዘርፌ አርባ ነገ ነው» አለኝ። «ከእድሩ ስለወጣህ ጡሩንባውን አልሰማህም፣ አልፈርድብህም። እስክትሞት ድረስ ‹ያንን ሰውዬ ይቅርታ ጠይቀው› ትለኝ ነበር። እመጣለሁ። ከጓዳ በር አጠገብም ብታስቀምጠኝ ግድ የለኝም።»

አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።