አፍ ያወጣው ጠረጴዛ

ማንጠግቦሽን ስንት ዓመት ሲያንገበግባት የኖረው የገዛ ምግብ ጠረጴዛዋ ነው። እንጨት የሰማውን መልሶ መናገር ከጀመረ ወዲህ፣ እንግዳ በቀረበ ቁጥር በሟች አማቷ፣ በባሏ እናት ድምፅ «የዚች ልጅ ወጥ ጨው ይበዛበታል» ይላል።

አንድ ቀን መረራትና መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጋ የእንጨት ማለስለሻውን ማሽን አስነሳች።

«አትጫኚው፣ በራሱ ክብደት ይሂድ። የእንጨቱን መስመር ተከተይ» አለ ባሏ ደምሰው። «የአባባ ምርቃት ከሥር አለ። እሱ ከተፋቀ ድምፃቸውን ዳግም አንሰማም።»

እያባበለች አለሰለሰችው። አማቷ ብናኝ ሆነው ሄዱ። ከሥር የባሏ አባት ድምፅ ብቅ አለ፤ «ተባረኩ ልጆቼ። እስቲ ውሃ አቀብሉኝ፣ ወጡስ ጨው ነው።»

ደምሰው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ማንጠግቦሽ ማሽኑን አጥፍታ ሶኬቱን ነቀለች። የአፏን መሸፈኛ አውልቃ ጎንበስ አለችና፣ እንጨቱ በደንብ እንዲይዝላት ጮክ ብላ «ሳህኑን ግን ሁለታችሁም ጠርጋችሁ ነው የተነሳችሁት» አለችው።