አባታቸው የጻፉት መጽሐፍ

ዳኛዋ አሮጌውን የሕግ ማብራሪያ ከተቃራኒ ወገን ጠበቃ፣ ከገዛ ታናሽ ወንድሙ፣ እጅ ሲቀበሉ ማየቱ ብቻ የታላቅየውን ጠበቃ አንጀት አሳረረው። አባታቸው የጻፉትን መጽሐፍ ያወረሱት ለታናሽየው ነበር።

"'የቤቱን ጭቃ አብሮ ያቦካ ሰው፣ ስሙ ካርታው ላይ ባይሰፍርም ድርሻ አለው፤'" ብለው ዳኛዋ አነበቡ። "ከሠላሳ ዓመት በኋላም የምንፈርደው በዚህ ነው። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?" ታናሽየው ራሱ የጻፈው ይመስል ተኮፈሰ።

ያንን ምዕራፍ ግን፣ አባታቸው ታመው አልጋ ላይ ሳሉ የጻፈው ታላቅየው ነበር፤ ስሙን የትም አላሰፈሩለትም። አሁን ተነስቶ "የአባቴ ቃል አይደለም" ቢል፣ ጥቅሱ ክብደቱን አጥቶ ክርክሩ ለራሱ ደንበኛ ያጋድል ነበር።

"ተቃውሞ አለዎት?" ሲሉ ዳኛዋ ጠየቁት።

ደንበኛው በክርኑ ጎሸም አደረገው።

"የለኝም፣ ክብርት ዳኛ፤" አለ። "ብቻ... እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ።"