ለአንድ ሰው የተሠራ ጨዋታ

ሙንሆ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ፣ ሚስቱ ሄሪን ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጣ በቲቪው ጌም ትጫወት ነበር። ይህስ አዲስ አልነበረም። ያስደነገጠው እናቱ አጠገቧ፣ ከጎኗ ልጥፍ ብለው መቀመጣቸው ነው።

ከተጋቡ ጀምሮ አብረን እንጫወት እያለ ለምኗታል። ሁለተኛ የጌም መቆጣጠሪያ ገዝቶላት፣ ከጓደኞቹ ቡድንም ሊያስገባት ሞክሮ ነበር። መልሷ ሁሌም «እኔ ብቻዬን መጫወት ነው የምወደው» ነው። አሁን ግን እናቱ «ውይ ልጄ፣ ያ ወንዝ ሲያምር!» ሲሉ፣ ሄሪን ጌሙ ውስጥ የምትጋልባትን ፈረስ አቁማ ወንዙን እስኪጠግቡ ታሳያቸዋለች። በገዛ እናቱ ቀንቶ ጆሮው ጋለ።

«ብቻዬን ነው የምወደው አላልሽም?»

«ብቻዬን እኮ ነኝ» አለች ሄሪን ዓይኗን ከቲቪው ሳትነቅል። «እማዬ ያያሉ እንጂ አይጫወቱም። አንተ ግን ስታይ እንኳ ‹በግራ ሂጂ፣ ቶሎ በይ፣ አስበላሽን› ነው የምትለው። ቤቴ ገብቼ ሌላ አለቃ አልፈልግም።»

«እውነቷን ነው» አሉ እናቱ። «አባትህም መኪና ስነዳ እንዲሁ ነበር የሚያደርገኝ።»

ሙንሆ ከሄሪን በስተግራ ቁጭ አለ። ፈረሷ ወደ ገደል ስትጋልብ አየ። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ፈረሷ ከነጋላቢዋ ተምዘግዝጋ ወደቀች። ሄሪን ዞር ብላ አየችው።

«ገደሉን አይተኸው ነበር አይደል?»

«አይቼው ነበር።»

ሳቋ አመለጣት። ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ጨዋታውን እንደገና ጀመረች።