ከማናሴ ጀርባ ያለው ተራራ

ሀቢሶ በስደት በሚኖርበት ክሊፕታውን ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ከሱቁ ይልቅ የሚኮራው ግን በታናሽ ወንድሙ በማናሴ ነው። ማናሴ ያለው ግሬኖብል ነው፤ ፈረንሳይ፣ ከአልፕስ ተራሮች ሥር። ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ሀቢሶ ስልኩን ተቀብሎ እያገላበጠ፣ "እዚህ ውስጥ ያለችው ቺፕ የምትሠራው ወንድሜ ከተማ ነው" ይለዋል። ደንበኞቹም በአገሬው ሰላምታ "ሳውቦና፣ ፕሮፌሰር!" እያሉ ይስቁበታል። እሱ ቀልዱ ሳይገባው አጸፋውን በደስታ ይመልሳል።

ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት፣ ወንድማማቾቹ በቪዲዮ ይጸልያሉ። ሆሳዕና ሳሉ እናታቸው ያስለመደቻቸው ነው፤ የዕለቱን ጉዳይ አንድ ሳያስቀሩ ጮክ ብሎ ለጌታ መንገር።

"ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ለዕቃ ፎርድስበርግ እንሄዳለን" ይላል ሀቢሶ ዓይኑን ጨፍኖ። "አራት ሰዓት ላይ እንነሳለን። በዋናው መንገድ ሳይሆን በባቡር ሐዲዱ ጎን ነው የምናልፈው። በደምህ ሸፍነን።"

"አሜን" ይላል ማናሴ።

ሃዲዳ የሚሉት የአገሬው ወፍ መጮህ ሲጀምር ሁለቱም ዝም ብለው ያሳልፉትና ይቀጥላሉ። ጸሎቱ የሚታለፈው ሎድሼዲንግ የሚሉት፣ የሰፈሩ መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ተራ ጠዋት ላይ ሲውል ብቻ ነው። ያን ቀን ማናሴም ላቦራቶሪ ይገባል።

ከአሜን በኋላ ማናሴ ስለ ከተማው ያወራል። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበትን ቦታ፣ እዚያ የተተከለውን የአቶም ሆድ ዕቃ የሚያሳይ ክብ ማሽን፣ ሠራተኞቹ እንደ ቀዶ ሐኪም ተሸፋፍነው የሚገቡባቸውን የቺፕ ፋብሪካዎች ይተርክለታል። ከጀርባው በረዶ የለበሰው ተራራ ይታያል።

"ይኸ በረዶ ሐምሌም አይቀልጥ፣ ታኅሣሥም አይቀልጥ?" ይለዋል ሀቢሶ።

"አልፕስ እኮ ነው፣ ወንድም ጋሼ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘረፉት በዚያው በሐዲዱ ጎን ነው። ጭምብል ያጠለቁ ሦስት ሰዎች ባኪ የሚሏትን ፒክአፕ መኪና አስቆሙ። ባኪዋ የዱካሞ ናት፤ ዱካሞ የሀቢሶ ያገር ልጅ ነው፣ ዕቃ የሚያመላልስለትም እሱ ነው። የሀቢሶን ሁለት ጥርሶች በሽጉጥ ሰደፍ አረገፏቸው። ዱካሞን አልነኩትም።

በሁለተኛው ጊዜ የሀቢሶ ሚስት ፅናት በሁለቱ መካከል ተቀምጣለች። መንገዱን ቀይረው ነበር፤ ሰዎቹ ግን አዲሱ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ሁለቱ "ቩላ! ክፈት!" እያሉ በሀቢሶ በኩል ያለውን በር ደበደቡት። ሦስተኛው አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ በዱካሞ መስኮት ሽጉጡን ደግኖ ቆመ። ፅናት ወደዚያ ዞረች።

"አንተ ነህ?" አለች።

ጥይቱ ጉሮሮዋን በሳው። ሀቢሶ በሁለት እጁ ደሙን ለማቆም ታገለ፤ በጣቶቹ መሃል እየፈሰሰ ጭኑን አራሰው። ዱካሞ መሪውን እንደጨበጠ ነበር፤ አንዲት ጭረት እንኳ አልነካችውም።

ማናሴ ቪዛው ስላልደረሰለት ለቀብሯ አልመጣም። በስልክ ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ። "አዝላ አሳደገችኝ" እያለ።

"ግን ማንን ነው 'አንተ ነህ?' ያለችው?" አለ ሀቢሶ ከሳምንት በኋላ። ይህች ጥያቄ እንቅልፍ ነስታዋለች።

"ወደ ማን ነበር የዞረችው?"

"ወደ ዱካሞ።"

"ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ፣ ወንድም ጋሼ?"

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼ ነው። የሀቢሶ ደም ፈላ። ለዓመታት ከአንድ ሰሃን አብረው በልተዋል፤ ለዱካሞ ሚዜ የቆመው እሱ ነው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ከማዕድን ማውጫ የወጣ አፈር ከተከመረበት ኮረብታ ጀርባ፣ ሀቢሶ "ሽንቴን ልሽና፣ አቁም" አለው። ዱካሞም እግሩን ሊያፍታታ ወረደ። ሀቢሶ የጎማ መፍቻውን ብረት ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ትከሻው ላይ አሳረፈበት።

"ሀቢሶ! ምን አደረግኩህ?"

"መንገዱን የነገርካቸው አንተ ነህ!"

"በምን አውቄ?" ዱካሞ በጉልበቱ እየዳኸ ነው። "አንተ አይደለህ እንዴ መንገዱን ሁልጊዜ ከተነሳን በኋላ የምትነግረኝ?"

ሀቢሶ ብረቱን አንስቶ ነበር። አናቱ ላይ አወረደው። ደገመው። ሰለሰው። ክንዱ እስኪዝል ድረስ አላቆመም። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።

ወደ ሱቁ ተመልሶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ። የዱካሞ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሯል። እውነቱን ነው፤ መንገዱን የሚነግረው ከተነሱ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለማን ይናገራል? ለማንም። ለጌታ ብቻ።

ማናሴ ጋ ደወለ።

"ጨረስኩት" አለ።

ማናሴም "አይዞህ፣ ወንድም ጋሼ። የፅናትን ደም ነው የመለስከው" አለው። ከጀርባው ተራራው እንደ ሁልጊዜው ነጭ ነው። "ና፣ እንጸልይ።"

ሀቢሶ ዓይኑን ሊጨፍን ሲል፣ ተራው ሳይደርስ መብራት ሄደ። የሱቁ አምፖል ጠፋ፤ ፍሪጆቹ ዝም አሉ።

በስልኩ ውስጥ፣ ጥሪው ሳይቋረጥ፣ ከማናሴ ጀርባ ተራራውም አብሮ ጠፋ፤ በቦታው የቀረው የጠቆረ የቴሌቪዥን ስክሪን ነው።