ሞልቶ የተመለሰው ቅል

ከደጀን በታች ባለው ዋሻ ጣሊያን አርበኞቹን ከቦ ምንጩን ከያዘ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከአርበኞቹ አንዱ ታረቀኝ የጓዶቹን ጥም ለማስረሳት ይመስል፣ ጠላት ከያዘው ምንጭ ቅሉን ሞልቶ ስለተመለሰ ሰው ተረት አወራላቸው።

“ጀግና ነው” አለ አንዱ።

“ከድቶ ነው እንጂ ማን ያሳልፈዋል?” አለ ሌላው።

የታረቀኝ አብሮ አደግ ውበቱ፣ ጠዋት ከምንጩ ያመጣውንና እስካሁን ማንም ያልጠጣለትን ሙሉ ቅል ታቅፎ ያዳምጥ ነበር። ተረቱ ስለ ማን እንደሆነ ገባው። እንደ ጠጅ አሳላፊ ውሃውን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ቅሉን ለታረቀኝ ዘረጋለት። የታረቀኝ ከንፈር በጥም ተሰነጣጥቆ ነበር፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

“ውሃውንስ አምነነዋል፣ ወንድሜ” አለው። “እንዴት እንዳሳለፉህ ንገረን።”

ውበቱ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዞሮ የዋሻውን አፍ አየ።